ግሪሳ ያልሆኑት ወፎች

የባጃጁ ጎማ ባይፈነዳ ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ለመስኖ ማኅበራችን ፓምፕ የዘይት ማጣሪያ ገዝቼ ከሸዋ ሮቢት እየተመለስኩ ነበር። ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ወንዙ በሚወስደው የአቧራ መንገድ ጥቂት እንደሄድን የኋላው ጎማ ጠሽ ብሎ ተነፈሰ። ሾፌሩ ትርፍ ጎማ አልያዘምና የፈነዳውን ፈትቶ በትከሻው አንጠልጥሎ ወደ ከተማ ተመለሰ፤ እኛ ሦስት ተሳፋሪዎች ከመንገዱ ዳር ካለች የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

አንዱ ተሳፋሪ እኔ ነኝ። በላይ እባላለሁ፤ በሮቢ ወንዝ ዳር የፓምፕ ጠባቂም ጠጋኝም ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም የቀረውን ከሬዲዮ፣ ተውሼ ከማነባቸው መጻሕፍትና ከሰው አፍ ስለቅም ኖሬአለሁ። የሞተር ሕመም መጀመሪያ የሚታወቀው በጆሮ ነውና ከመናገር ይልቅ መስማት ልማዴ ሆኗል።

ሁለተኛው ጋሼ ዓለሙ ናቸው። ወንዙ ዳር አራት ጥማድ ማሽላ አላቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ቢጠጋም ወንጭፋቸው ዛሬም የሚስተው ጥቂት ነው። ሦስተኛዋ ሪሀና ትባላለች፤ የሷሊሕ ልጅ ናት፤ ሷሊሕ ደግሞ የጋሼ ዓለሙ ድንበርተኛ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕይወት ሳይንስ ተምራ አሁን ለሁለተኛ ዲግሪዋ በወንዙ ዳር ጫካ ያሉትን ወፎች ታጠናለች። በአንገቷ የሩቅ ማያ መነጽር ተንጠልጥሏል። ጋሼ ዓለሙ ጭን ላይ ሁለት አዲስ መጥረቢያ ተጋድሟል።

ወሬው ከመጥረቢያው ተነሣ። ጋሼ ዓለሙ ለቅዳሜ ደቦ እንደጠሩ፣ ሃያ የሚሆን ሰው እንደሚመጣ፣ ባለቤታቸው እትዬ አበበች ጠላውን እንደጠነሰሱና ለእስላሞቹም የማያሰክረው መጠጥ፣ ቀሪቦ፣ እንደሚዘጋጅ ነገሩን። ሥራው ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው በእርሳቸውና በሷሊሕ ማሳ መካከል ያለውን የግራርና የሾላ ዛፍ ከነጎጆው ቆርጦ ማቃጠል ነው አሉ። አምና ግሪሳ ከማሽላቸው ግማሹን ስለወሰደባቸው የታችኛውን ጫካ በደቦ አቃጥለው ነበር፤ ዘንድሮ ተራው የላይኛው ነው።

ሪሀና ሳትቆጣ፣ ግን ፊቷ ተለውጦ፣ «ጋሼ ዓለሙ፣ እዚያ ያሉት እኮ ግሪሳ አይደሉም» አለች።

«ልጄ፣ እኔ ግሪሳን ያወቅኩት አባትሽ ጥርስ ሳያበቅል ነው።»

«አውቃለሁ። ግን በዚያ ጫካ ስንት ዓይነት ወፍ ያለ ይመስልዎታል?»

«ሁለት ዓይነት። ማሽላ የሚበላና ማሽላ የማይበላ።»

«የማይበላው የትኛው ነው?»

«እሱን ገና አላየሁትም» አሉ ጋሼ ዓለሙ፤ ባርኔጣቸውንም ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ።

እኔ ሳቅኩ፤ ሪሀናም ሳቀች። ከዚያም ባለፈው አንድ ወር ውስጥ በዚያች ጫካ ስልሳ ሦስት ዓይነት ወፍ እንደመዘገበች ነገረቻቸው። ጋሼ ዓለሙ ለዚህ ደመወዝ ይከፈላት እንደሆነ ጠየቋት፤ ገና እንዳልተከፈላት ነገረቻቸው። «እንግዲያው እኩል ነን» አሏት። «እኔም ሃምሳ ዓመት ወፍ የጠበቅኩት በነፃ ነው።»

በዚህ መካከል ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ አንገቱ ከጠበበ ጠርሙስ ውሃ ሲንቆረቆር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። ሪሀና ማስታወሻዋን ሳታወጣ ፊቷን ወደ ሽማግሌው መለሰች። ጋሼ ዓለሙ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ውሃ የምትቀዳዋ ናት፤ እሷ ስትጮህ ዝናብ አይርቅም» አሉ። ቀጥሎ እንደ በግ ግልገል የሚጮኽ መጣ፤ እሱንም አወቁት፤ አዳኝ ሲያደባ ለድኩላው የሚያሳብቅ ነው አሉ። ግንድ የሚቆረቁረውን፣ ሰውን ከንብ ቀፎ የሚያደርሰውን ማር መሪ፣ ከርቀት እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ የሚያሰማውን ጭልፊት፣ አንድ በአንድ ቆጠሩልን። ሪሀና በትንሽ ደብተሯ እየጻፈች ትሰማለች።

እኔ በዚያች ሰዓት ያስተዋልኩትን ልንገራችሁ። እኚህ ሰው ወፎቹን ከእኛ ሁሉ ይበልጥ ያውቃሉ። ነገር ግን ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ሲይዙ ያ ሁሉ ዕውቀት ይጠፋና ላባ ያለው ሁሉ ግሪሳ ይሆንባቸዋል። ማሽላው ወተት ሲቋጥር የቆላ ገበሬ ልብ እንዲያ ነው፤ ለዓመት ቀለቡ ይንቀጠቀጣል። አልፈርድባቸውም። ቁጣ ግን የሚያውቁትን ሲያስረሳ በዓይኔ አየሁ።

ጎማው ተጠግኖ እስኪመጣ በአንድ ነገር ተስማማን። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ማለዳ ማለዳ ሪሀናና እኔ ከጋሼ ዓለሙ ማማ ላይ አብረን እንድንውል ሆነ። በሦስቱ ቀን በጫካው ያሉት ግሪሳ መሆናቸው ከታየ ሪሀና ቅዳሜ መጥታ ቅርንጫፍ ትሸከማለች፤ ካልታየ ግን ጋሼ ዓለሙ እንደገና ያስቡበታል። «ያስቡበታል» የሚለውን ቃል ያስገቡት ራሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገቡም። እኔ ምስክር ሆንኩ።

*

ረቡዕ ዳዊቴን ደግሜ ስነሣ ገና አልነጋም ነበር። ከማማው ስደርስ ሁለቱ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው ለወንጭፍ የተለቀመ ጠጠር ተከምሯል። ከፊታችን የማሽላው ራስ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጤዛ ያንጠባጥባል። ከማሳው ማዶ ጫካዋ፣ ከጫካዋ በታች ወንዙ አለ።

ፀሐይ ከዝቅተኛው ቆላ በኩል ብቅ ስትል የሆነውን በቃል ለመግለጽ እቸገራለሁ። ጫካው በአንድ ጊዜ አፍ አወጣ። ሪሀና በጆሮዬ አቅራቢያ በዝግታ እያመለከተች ትነግረኛለች፤ ከደረቁ ቅርንጫፍ ጫፍ ተወንጭፎ አየር ላይ ንብ ቀልቦ የሚመለሰውን ጅራተ ቀጭን፣ ክንፉን ሲዘረጋ ሰማይ የተቀደደ የሚያስመስለውን ሰማያዊ፣ ሆዱ እንደ በሰለ ብርቱካን ጀርባው እንደ ዘይት የሚያብለጨልጨውን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ወንዝ ዳር ስኖር ፍጥረት ሁሉ ያመሰግንሃል እያልኩ በየማለዳው ደግሜአለሁ። የሚያመሰግነው ማን ማን እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ሪሀና አለያየታቸውን ስታስረዳ ከመጽሐፍ አልጀመረችም። መጀመሪያ መጠኑን ከምታውቁት ወፍ ጋር አስተያዩ አለች፤ ከእርግብ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ቀጥሎ ምንቃሩን፣ ከዚያ አበራረሩን፣ ከዚያ የሚያደርገውን፤ ቀለሙን ከሁሉ በኋላ፤ ቀለም በፀሐይም በወቅትም ይለዋወጣልና። ወፍራም አጭር ምንቃር ፍሬ ይሰብራል፤ ቀጭን ሹል ትል ይለቅማል፤ ቆልማማ ሥጋ ይቀድዳል።

ጋሼ ዓለሙ ከሰሙ በኋላ ከግራሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ከሣር የተጠለፉ ጎጆዎችና በየደጃፋቸው የሚንጫጩትን ቢጫ ወፎች በእጃቸው አመለከቱ።

«የእነዚያ ምንቃርስ?»

«ወፍራም ነው» አለች ሪሀና።

«እህ!»

«እሸትም ይቀምሳሉ፤ አልዋሽዎትም። እኛ ሸማኔ ወፍ እንላቸዋለን። ግን ግሪሳ አይደሉም። ግሪሳ እንዲህ ያለ ጎጆ አይጠልፍም፤ እንዲህ ተበታትኖም አይበርም።»

ሽማግሌው አሸናፊ እንደሆነ ሰው ወንጭፋቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። እውነቷን ስለተናገረች በልቤ አመሰገንኳት። የሚያስተምር ሰው ለሙግቱ የማይመቸውን ሲደብቅ ሰሚው ያውቅበታል፤ ያን ጊዜ የቀረውንም አያምነውም።

ያን ዕለት ያሳቀን ሌላ ወፍ ነበር። ከሾላው ግንድ ላይ አንዲት ቀዳዳ በጭቃ ተደፍና ጣት የምታህል ስንጥቅ ብቻ ቀርታለች፤ ምንቃሩ ረጅምና ጎባጣ የሆነ ወፍ እየተመላለሰ በስንጥቋ ምግብ ያጎርሳል። ጋሼ ዓለሙ ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ወፉ ቀናተኛ ስለሆነ ሚስቱን አስሯት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሪሀና ግን በሩን ከውስጥ ሆና የምትደፍነው በአብዛኛው ራሷ ሴቷ እንደሆነች፣ እባብና ጭልፊት እንዳይገባባት እንቁላሏን ታቅፋ ላባዋን እንደምታራግፍ፣ ባልየው ቢሞት በረሃብ እንደምትጠቃ አስረዳቻቸው።

ጋሼ ዓለሙ ስንጥቋን በእጃቸው አመለከቱ። «እና እሱ እስካሁን ሲቀልባት ነው የኖረው?» አሉ። «እኔ ደግሞ ስንቴ በወንጭፍ መታሁት፣ ምን ያለ ክፉ ባል ነው እያልኩ።» አክለውም፣ «ለአበበች ይህን አትንገሯት፤ ከእኔ ጋር ታስተያየዋለች» አሉን።

*

ሐሙስ ዕለት የመቁጠር ቀን ሆነ። ሐሳቡ የሪሀና፣ ዘዴው የጋሼ ዓለሙ ነው። ሸማኔ ወፎቹ ጫጩት ስላላቸው ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ። በመነጽሩ እያየን፣ ወፏ ትል ይዛ ከገባች አንድ የወንጭፍ ጠጠር በግራ፣ ፍሬ ይዛ ከገባች አንድ ጠጠር በቀኝ ልናስቀምጥ ተስማማን።

ጋሼ ዓለሙ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ ሲያደርጉ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ሸሸት አደረጉ፤ ወፏ አፍንጫቸው ላይ ያረፈች መስሏቸው ነው። ከዚያ ግን አልመለሱልንም። ከማለዳ እስከ ረፋድ መነጽሩ በእርሳቸው እጅ ቆየ፤ ጠጠሩንም የሚያስቀምጡት እርሳቸው ናቸው። በግራ። በግራ። አረንጓዴ ትል፤ ደግሞ በግራ። የእሳት እራት ከነክንፉ፤ በግራ። አንድ ጊዜ ፍሬ፤ በቀኝ። ፀሐዩ ሲበረታ ሪሀና ቁጠሩት አለች። በግራ አርባ አንድ ጠጠር፣ በቀኝ ሦስት።

 ሪሀና «አላልኩም?» አላለችም፤ ይህ ከትምህርቷ ሁሉ ይልቅ ደስ አሰኘኝ። እኔ ግን መናገር ያለብኝ ነገር ነበረ። ቦይ ለመጥረግ በየማሳው ስለምዞር የማየው አለና፣ ዘንድሮ በታችኛው በኩል፣ ጫካው ከተቃጠለበት ወዲህ፣ አገዳው በትል እየተበሳ መውደቁን፣ በዚህ በኩል ግን ያን ያህል አለመሆኑን ነገርኳቸው። ሪሀና አስተካከለችኝ፤ ምክንያቱ ያ ብቻ ነው ብላ መማል እንደማትችል፣ ግን የእሳት እራቱ በወፍ ሲበላ ትሉ እንደሚቀንስ ግልጽ ነው አለች።

ጋሼ ዓለሙ ጠጠሮቹን በመዳፋቸው እየገፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እነዚህ ግሪሳ ካልሆኑ» አሉ፣ «አምና ያቃጠልነው ምን ነበር?»

ያን ጊዜ የነገሩ ክብደት ገባኝ። አንባቢም እንዲገባው ልግለጽ። አምና የታችኛው ጫካ የተቃጠለው ጋሼ ዓለሙ በጠሩት ደቦ ነው። ከጫካው ሥር የነበረው የከበደ ማሳ ነው። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ ዳርቻውን ጨብጦ የሚይዝ ሥር አልነበረምና፣ ጎርፉ ከከበደ መሬት ግማሽ ጥማድ ያህል ከነማሾ ሰብሉ ገምሶ ወሰደው። ከበደ የአምስት ልጆች አባት ነው፤ መሬቱም ከሁለት ጥማድ አይበልጥም ነበር። እስካሁን ሰው ሁሉ ለግሪሳ የተከፈለ ዋጋ ነው ብሎ ዝም ብሏል። ወፎቹ ግሪሳ ካልነበሩ ግን የከበደ መሬት የሄደው በከንቱ ነው፤ የሄደውም በጋሼ ዓለሙ ቃል ነው። እኚህ ሽማግሌ የሚከራከሩት ስለ ወፍ መስሎን ነበር፤ የሚከራከሩት ስለዚህ ኖሯል።

«ነገ እንመለስበታለን» ብለው ከማማው ወረዱ። መነጽሩን ለሪሀና ሲመልሱ አላዩአትም።

*

ዓርብ ጋሼ ዓለሙ አርፍደው መጡ፤ ፊታቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበር። ማታ ሲያስቡበት እንዳደሩ ገመትኩ፤ ምክንያቱም አንድ አዲስ ሙግት ይዘው ነው የመጡት። ግሪሳ ወንዱ በመራቢያው ወራት ፊቱ እንደሚጠቁር፣ ወራቱ ሲያልፍ ደግሞ ያን ቀለም ጥሎ ከሴቷ የማይለይ እንደሚሆን በዓይናቸው አይተዋል። እንግዲያው እነዚህም ግሪሳ ሆነው ልብሳቸውን ቀይረው ቢሆንስ?

ሪሀና ከመቀመጫዋ ተነሣች። መምህሮቿ ከመጽሐፍ ያሳዩአትን ነገር እርሳቸው ከማማ ላይ ማወቃቸው እንዳስገረማት በግልጽ ነገረቻቸው፤ ነገሩም እውነት ነው አለች። «ቀለሙ ይቀየራል፤ የምንቃሩ ቅርፅ ግን አይቀየርም፤ ቀይ ምንቃሩም ከእነዚህ ይለየዋል፤ አካሄዱም አይቀየርም። ግሪሳ ለብቻው አይኖርም፣ ለብቻው አይበላም፣ ለብቻው አያድርም። ኢንሻአላህ አንድ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን ያዩአቸዋል።»

ያ አንድ ቀን ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ጋሼ ዓለሙ እጃቸውን አንሥተው ዝም በሉ አሉን። እኔ ጆሮ አለኝ ብዬ የምመካ ሰው ምንም አልሰማሁም። ቆይቶ እኔም ሰማሁት፤ ደመና በሌለበት ሰማይ ከሩቅ የሚመጣ የዝናብ ድምፅ ይመስላል።

ከምሥራቅ፣ ከዝቅተኛው ረግረግ በኩል፣ ጭስ የሚመስል ነገር ተነሣ። ጭሱ ይጠበባል፣ ይሰፋል፣ እንደ አንድ አካል ይታጠፋል። በሷሊሕ ማሳ ዳር ሲወርድ አገዳው በክብደቱ ጎነበሰ። ጋሼ ዓለሙ ወንጭፋቸውን ከመያዛቸው በፊት መነጽሩን ያዙ፤ ይህን ያስተዋልኩት እኔ ነኝ። «ምንቃሩ ቀይ ነው» አሉ። «ሁሉም ቀይ ነው።» ከዚያ ወንጭፉ ዞረ፤ ሪሀና ቆርቆሮ መታች፤ እኔ ጅራፍ አጮኽኩ። መንጋው ብዙ አልነበረም፤ የፊተኛው ጓድ ነው። ተነሣ፣ ሁለት ጊዜ በጫካዋ አናት ላይ ዞረ። ከመካከሉ አንዲት ወፍ እንኳ ከግራሩ ላይ አላረፈችም። ቢጫዎቹ ሸማኔዎች ከየጎጆአቸው አንገታቸውን ብቅ አድርገው ጫጩታቸውን ይጠብቃሉ። ጭሱ ወደ መጣበት ወደ ረግረጉ ተመለሰ፤ ጋሼ ዓለሙም በመነጽሩ እየተከተሉ ከሸምበቆው መካከል ሲወርድ አዩት።

መነጽሩን ከዓይናቸው አወረዱ። «ሃምሳ ዓመት» አሉ፤ «የሚያድርበትን ሳላይ ሃምሳ ዓመት።»

ሪሀና እንግዲህ ደቦው ይቀራል ወይ ብላ ጠየቀች። የተጠራ ደቦ ማስቀረት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ሥራውን አቁሞ ይመጣል፤ ጠላው ደርሷል። ጋሼ ዓለሙ ደቦው እንደማይቀር ነገሩን። ወንጭፋቸውንም ጠቅልለው ከማማው ወረዱ። ያን ሌሊት ስለ እርሳቸው ጸለይኩ፤ ምን ብዬ እንደምጸልይ ግን አላውቅም ነበር።

*

ቅዳሜ ማለዳ ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ከፊት የሚሄደው ከበደ ነው፤ የያዘው መጥረቢያ የራሱ ነው፤ ጫካው አጠገብ ሲደርስ ከየት እንጀምር ሳይል ወደ ትልቁ ሾላ አቀና። ጋሼ ዓለሙ ከፊቱ ቆሙ።

ሁሉም እንዲቀመጥ ጠየቁ። ከዚያ የሦስቱን ቀን ነገር ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ፤ አርባ አንዱን ጠጠር፣ ሦስቱን ጠጠር፣ ቀዩን ምንቃር፣ ሸምበቆውን። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ፣ የሷሊሕ ልጅ መነጽር ውስጥ አስገብታቸዋለች ብሎ ቀለደ፤ ሷሊሕ ራሱ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ጋሼ ዓለሙ ግን አልሳቁም።

«ከበደ» አሉ።

ከበደ ቀና አለ።

«አምና ያቃጠልነው ግሪሳ አልነበረም። ግሪሳ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ደቦ የጠራሁትም እኔ ነኝ። መሬትህን የወሰደው ጎርፍ ነው፤ በሩን የከፈትኩለት ግን እኔ ነኝ። እስከ ትናንት አላውቅም ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ አውቄአለሁ። ከእኔ ማሳ፣ ከላይኛው በኩል፣ ግማሽ ጥማድ ለክተህ እረስ። ሰው ሁሉ ይስማ።»

 ጋሼ ዓለሙን ያህል ሰው በሃያ ሦስት ሰው ፊት «ተሳስቻለሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ እርሳቸውም ከዚያ በፊት ብለው የሚያውቁ አይመስለኝም። ከበደ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ እኮ፣ ጋሼ» አለ። «ክብሪቱ የእኔ ነበር። መሬትዎን አልወስድም። ይልቅ ሰኔ ሲገባ ችግኝ ይዘው ይምጡ። እርስዎ ይቆፍራሉ፤ እኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ጋሼ ዓለሙም ሳቁ፤ ዓይናቸውን ግን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ሪሀናም እኔም አይተናል።

መጥረቢያ ይዞ የመጣ ደቦ ሥራ ፈትቶ አልተመለሰም። ከእኔ ፓምፕ ቤት ጓሮ ከቆሙት ባሕር ዛፎች እንጨት ተቆርጦ በምሥራቁ በኩል፣ ግሪሳው ከሚመጣበት አቅጣጫ፣ ስምንት ማማ ቆመ። ሷሊሕና ሌላ አንድ ሰው ያን ዕለት ወደ ወረዳው የግብርና ኃላፊ ቤት ሄደው ስለ ሸምበቆው ተናገሩ። ባለሙያዎቹ ሰኞ መጥተው አዩት፤ ከመምሸቱ በፊት ስፍር ቁጥር የሌለው ግሪሳ ሲወርድበት ተመለከቱና በጊዜው መድኃኒት አስረጩበት። እስከዚያው በስምንቱ ማማ ላይ በየተራው ሰው ነበረ። ግሪሳው ሦስት ጊዜ መጣ፤ የበላው የዳር ዳሩን ነው። ኅዳር ላይ ጋሼ ዓለሙ ማሽላቸውን ሲወቁ ያገኙት እህል ካለፉት አራት ዓመታት የበለጠ ነበር።

እንግዲህ ይህን የጻፍኩት ለምን እንደሆነ በግልጽ ልናገር። የቆላ ሰው ጠላቱን ማጥፋት ይኖርበታል፤ ጠላቱን ለማጥፋት ግን መጀመሪያ ከወዳጁ መለየት አለበት። ላባ ያለውን ሁሉ በአንድ ስም ከጠራነው ትሉን የሚለቅምልንን እንገድላለን፤ የሚገድለን ደግሞ በሸምበቆው ውስጥ በሰላም ያድራል። ዛፉን ስናጣ ጥላውን ብቻ አናጣም፤ መሬታችን ከነዘሩ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ወፍ መለየት የተማሩ ልጆች ጨዋታ እንዳይመስለን። ሽማግሌዎቻችንም በጆሮአቸው የያዙት ብዙ ዕውቀት አላቸው፤ ልጆቻችን በመነጽራቸው የሚያዩት አለ፤ ሁለቱ አንድ ማማ ላይ ሲቀመጡ ነው ማሳው የሚጠበቀው። ሪሀና ጥናቷን ስትጨርስ የዝርዝሯ ቁጥር ሰባ አንድ ደርሶ ነበር፤ ከእነዚያ ውስጥ አምስቱን መጀመሪያ በድምፃቸው የለዩላት ጋሼ ዓለሙ መሆናቸውን በጥናት ጽሑፏ ገጽ ላይ አስፍራለች። እርሷ እንደምትለው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ውጤትም አገኘችበት።

ሰኔ ገባ። ጋሼ ዓለሙ የግራርና የሾላ ችግኝ በሁለት አህያ ጭነው በከበደ ዳርቻ ደረሱ። ከበደ እንዳለው ከጥላ ሥር ተቀምጦ አየ። ጋሼ ዓለሙ ዶማቸውን አንሥተው አንድ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ከበደ አልተነሣም። ሁለተኛውን ቆፈሩ፤ አልተነሣም። በሦስተኛው ላይ ግን መጥቶ ዶማውን ከእጃቸው ወሰደ።